በጨፌ መስክ ላይ ዳንዴሊዮን የሚመስል ቢጫ አበባ ስታዩ፦ ቅጠሉን ገልብጡ

ክረምቱ ወጥቶ ጨፌው ገና ውሃ እንደቋጠረ፣ በደጋ አገር መስክ ላይ ቢጫ አበባ ከመሬት ጋር ተለጥፎ ታያላችሁ። ግንድ የሚባል ነገር የለውም። ቅጠሎቹ እንደ ሰፌድ ክብ ሠርተው አፈሩ ላይ ተነጥፈዋል፤ አበባው መሃላቸው ቁጭ ብሏል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የኖረ ሰው ሲያየው «ይሄማ ዳንዴሊዮን ነው» ይላል፤ እዚያ ደጁ ሣር ላይ የሚበዛውን ቢጫ አበባ ማለቱ ነው። አይፈረድበትም፤ ቆሞ ለሚያየው ሰው በጣም ይመሳሰላሉ። ጎንበስ ብሎ ላየው ግን የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

የኛ ደጋ ተክል ሃፕሎካርፋ ይባላል። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ሁለት ዝርያዎቹ አሉ፤ ሃፕሎካርፋ ሩፔሊ እና ሃፕሎካርፋ ሺምፐሪ። ሩፔሊ ከኛ አልፎ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከፍተኛ ተራሮችም ይበቅላል። አንዳንድ ዝርዝር ላይ ላንድቲያ በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ ተክሉ ያው ነው። እሱም፣ ዳንዴሊዮንም፣ ሱፍም፣ ኑግም፣ አደይ አበባም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ግራ የሚያጋባውም ይሄ ዝምድና ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ቀለምና ቅርጽ ላይ ብቻ አትቁሙ። ቅጠሉን ገልብጡ፣ ስብራቱን እዩ፣ አበባውን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ከዳንዴሊዮን ጋር አታምታቱትም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ቀንሷል፣ መሬቱ ግን እርጥብ ነው፣ አበባውም አለ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሂዱ። የዚህ ቤተሰብ አበቦች ብዙዎቹ ሲደምንና ሲመሽ ይከደናሉ፤ የተከደነ አበባ ይዞ መለየት አድካሚ ነው።

ውሃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ ስልክ፣ እስክሪብቶና ማስታወሻ፣ ትንሽ ማስመሪያ፣ ካገኛችሁ ደግሞ አጉሊ መነጽር ያዙ። አጉሊ መነጽር ከሌለ የስልኩ ካሜራ ቀረብ ብሎ ካነሳ ይበቃል። ንጹሕ መሐረብም አትርሱ፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጨፌ ላይ ስትራመዱ ሣሩን አትመኑ። ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ የሚውጥ ረግረግ አለ። ከብት የሄደበትን ዱካ ተከተሉ። የአካባቢው ሰው ካለ ደግሞ የቱ ጋ እንደሚያሰምጥ ጠይቁት።

አንደኛ፦ ቦታውን አንብቡ

ሃፕሎካርፋ እርጥበት ይወዳል። ጅረት ዳር፣ ውሃ የሚተኛበት መስክ፣ ከብት ግጦ ያሳጠረው ሣር መሃል ፈልጉት። ከጎኑ ቄጤማ፣ ግጫ ወይም ማገጥ ካያችሁ ትክክለኛው ሰፈር ላይ ናችሁ። በባሌም በሰሜን ተራሮችም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። ባሌ ያለውን የሳነቴን አምባ የምታውቁ አየሩን ታስታውሱታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደግሞ የሚያቃጥል ፀሐይ። እዚያ ቀና ብሎ ማደግ ብዙም አያዋጣም። መሬት ላይ የተኛ ተክል ነፋሱ ያልፈዋል፣ የከብት አፍም እንደልቡ አያገኘውም።

ረጅም ሣር በበዛበትና ከብት በማይደርስበት ቦታ ግን እንዲህ ያለ አጭር ተክል በጥላ ይታፈናል። ስለዚህ የተከለለ፣ ሣሩ ጉልበት የደረሰ መስክ ውስጥ ገብታችሁ አትድከሙ። ዳርዳሩን፣ የእግር መንገዱን አካባቢ እዩ።

ቦታው ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። እርጥብ መስክ ላይ ሌሎች ቢጫ አበቦችም ሞልተዋል።

ሁለተኛ፦ ግንድ አለው ወይስ የለውም?

ተንበርከኩ። አበባውን በሁለት ጣት ያዙና ወደ ታች ተከተሉት። ሃፕሎካርፋ ላይ ጣታችሁ ወዲያው ቅጠሎቹ መሃል ይገባል፤ የአበባው እግር በጣም አጭር ነው፣ አንዳንዴም የሌለ ይመስላል። ሁሉም ቅጠል የሚነሳው መሬት ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ነው።

ወደ ታች ስትወርዱ ቅጠል ያለው፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ግንድ ካገኛችሁ እዚሁ ጋ አቁሙ። ሌላ ተክል ነው። ቅጠል የሌለበት ረጅም የአበባ እግር ካገኛችሁ ደግሞ ዳንዴሊዮን ሊሆን ይችላል፤ ሰብራችሁ እዩት። የዳንዴሊዮን እግር ውስጡ ባዶ ነው፤ በአንድ እግር ላይም አንድ አበባ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ሦስተኛ፦ ቅጠሉን ገልብጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ።

የሃፕሎካርፋ ቅጠል ላዩ አረንጓዴ ነው፣ ሥሩ ነጭ። ነጭ ስል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ማለቴ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ አጭር ፀጉር ሙሉውን ሸፍኖት ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። ጥፍራችሁን አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ብትፍቁት ነጩ ይለቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል። የቀለም ሳይሆን የፀጉር ጉዳይ መሆኑን በዚህ ታረጋግጣላችሁ። የመሃሉ ጅማት በጀርባው በኩል ጎላ ብሎ ይታያል።

የዳንዴሊዮንን ቅጠል ብትገለብጡት በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ነው።

መሐረቡ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ጨፌ ላይ የቅጠሉ ሥር ጭቃ ይረጭበታል። ፀጉሩ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ነጭነቱ ጠፍቶ ግራጫ ይመስላል፣ አንዳንዴም አረንጓዴው አልፎ ይታያል። ስለዚህ ቅጠሉን በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉ፣ በመሐረቡ ሳትፈትጉ ተጫኑት፣ ትንሽ ጠብቁ። ሲደርቅ ነጩ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ቅጠል እዩ፤ አንድ መሃል ያለ ለጋ፣ አንድ ዳር ያለ ያረጀ። ያረጀው ከመሬት ጋር ሲታሽ ኖሮ ፀጉሩ የሳሳ ሊሆን ይችላል።

ጠርዙንም አትለፉት። የሩፔሊ ቅጠል ሰፋ ያለና ጠርዙ ብዙ የማይቆራረጥ ነው፤ ጥርስ ቢኖረውም ጥልቅ አይደለም። የሺምፐሪ ደግሞ ከጎንና ከጎኑ ገባ ገባ እያለ የተቆራረጠ ነው። ለዚህም ነው ከላይ ሲያዩት ከዳንዴሊዮን ጋር ይበልጥ የሚምታታው ሺምፐሪ የሆነው።

አራተኛ፦ ሰብራችሁ ወተቱን ፈልጉ

አንድ ቅጠል ከሥሩ ቆርጣችሁ ስብራቱን ተመልከቱ። ዳንዴሊዮን ነጭ፣ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያወጣል። ሃፕሎካርፋ አያወጣም፤ የሚወጣው ተራ ውሃ ነው።

ስትቆርጡ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በኩል ይሁን። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። የጠወለገ ወይም የደረቀ ተክል ወተት ቢኖረውም ላያወጣ ይችላልና ትኩስ ምረጡ። ጣታችሁን ሳትታጠቡ ዐይናችሁን አትንኩ። ይሄ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ተክል ነው፤ በተለይ ግን በዚያው ጨፌ ላይ ለሚበቅለው ራኑንኩለስ ለሚባለው ቢጫ አበባ። የሱ ጭማቂ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። አምስት የሚያብረቀርቁ ቅጠል መሳይ አካላት ያሉትና ሲበታተን እያንዳንዱ ለየብቻው የሚወልቅ አበባ ካያችሁ እሱ ነው። አትጨምቁት።

አምስተኛ፦ አበባውን ክፈቱ

አንድ አበባ የምንለው እዚህ ቤተሰብ ውስጥ በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ጥያቄው እነዚያ ጥቃቅን አበቦች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ሁለት ዓይነት የሚለው ነው።

አበባውን በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ለሁለት ሰንጥቁት። ሃፕሎካርፋ ከሆነ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። ዳር ዳሩን ምላስ መሳይ ረጃጅሞች አሉ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ጠባብ ቱቦ የሚመስሉ አጫጭሮች ተጠጋግተው ቆመዋል። ኑግና አደይ አበባ ላይ የምታውቁት አደራደር ነው። ዳንዴሊዮን ግን መሃል የለውም። ከዳር እስከ እምብርት ሁሉም ምላስ ነው፤ የእያንዳንዱ ምላስ ጫፍም በጥንቃቄ ካያችሁት አምስት ጥቃቅን ጥርሶች አሉት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ገና በመፈንዳት ላይ ያለ ዳንዴሊዮን መሃሉ ላይ ያልተከፈቱ አበቦች ይኖሩታል። ተጠቅልለው ስለቆሙ ቱቦ ይመስላሉ። አንዱን በጥፍር ነጥላችሁ በመርፌ ወይም በሣር ጫፍ ዘርጉት። ጠፍጣፋ ምላስ ሆኖ ከተዘረጋ ዳንዴሊዮን ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ቱቦ ሆኖ ከቀረና አፉ ላይ ከተሰነጣጠቀ እውነተኛ ቱቦ ነው። ከተቻለ ሙሉ በሙሉ የፈነዳ አበባ ምረጡና ከዚህ ጣጣ ዳኑ።

ውጭ አገር ያላችሁ ይሄን በቤታችሁ ደጅ መለማመድ ትችላላችሁ። በጸደይ ሣሩ በዳንዴሊዮን ይሞላል፤ አንዱን ቁረጡና ወተቱን፣ ባዶውን እግርና ሁሉም ምላስ የሆነውን አበባ እዩ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በጥቅምት ያበበ ኑግ ላይ ሁለቱን ዓይነት አበቦች መለየት ተለማመዱ። ዐይን አንዴ ከለመደ መስክ ላይ ሥራው የደቂቃ ነው።

ስድስተኛ፦ ያፈራውን ፈልጉ

አጠገቡ ያረጀ አበባ ካለ እሱን እዩ። ዳንዴሊዮን ሲያፈራ ልጆች እፍ የሚሉበት ነጭ ኳስ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ዘር በፀጉር ተንሳፍፎ ይበራል። ሃፕሎካርፋ እንዲህ ያለ ኳስ አይሠራም። ፍሬ ካላገኛችሁ ችግር የለም፤ ቅጠሉ፣ ወተቱና አበባው ይበቃሉ።

የሚያምታቱት ሌሎች

ደጋው ላይ ትልቁ አስመሳይ ዳንዴሊዮን ራሱ ሳይሆን ዲያንቶሴሪስ ነው። ይሄም ግንድ የለውም፤ ይሄም መሬት ላይ ተነጥፎ ቢጫ አበባውን መሃል ያስቀምጣል፤ ይሄም ከፍተኛ ተራራ ላይ ይኖራል። ከላይ በተነሳ ፎቶ ብቻ ቢቀርብልኝ አልፈርድም። ሲሰበር ግን ወተት አለው፣ አበባውም ሁሉም ምላስ ነው። አሁን ከክሬፒስ ጋር ስለተቀላቀለ ክሬፒስ ዲያንቶሴሪስ የሚል ስምም ታያላችሁ።

ክሬፒስ ሩፔሊ ደግሞ ቆሞ የሚያድግ ነው። ወተት አለው፣ ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሶንቹስም ወተት አለው፤ ቅጠሎቹ ግንዱን አቅፈው ይይዛሉ፤ እርሻ ዳርና ግቢ ውስጥ ይበዛል። ሁለቱም በሁለተኛው ደረጃ ይወድቃሉ።

መጭና አደይ አበባ ወተት የላቸውም፣ አበባቸውም ሁለት ዓይነት ነው። ግን ቁመት አላቸው፤ ቅጠሎቻቸው ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ከርቀት ነው የሚለዩት።

አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ አለ፤ ፒሎሴሎይደስ ይባላል፣ የአበባ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የጌርቤራ ዘመድ ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሥሩ ፀጉራም ነው፣ ወተትም የለውም። ቅጠል በመገልበጥ ብቻ ከፈረዳችሁ ያሞኛችኋል። የሚያጋልጠው የአበባው እግር ነው፤ ረጅምና ፀጉራም ሆኖ ከቅጠሎቹ በላይ ይወጣል። አበባውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነጭና ቀይ የሚያደላ ነው።

ስሞቹ እንዳያምታቱ

ሩፔሊ የሚለው ቅጥያ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ከመጣው ከጀርመናዊው ተጓዥ ከኤድዋርድ ሩፔል የመጣ ነው። ሺምፐሪ ደግሞ ከቪልሄልም ሺምፐር። ሺምፐርም ጀርመናዊ ነው፤ በ1837 (እ.ኤ.አ.) መጥቶ እዚሁ ኖረ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ አረፈ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተክል እያደረቀ አውሮፓ ሲልክ ስለነበር ብዙ ተክል በስሙ ተጠርቷል። በተግባር ይሄ ማለት ሩፔሊ ወይም ሺምፐሪ የሚለውን ብቻ ጽፋችሁ ብትመጡ ምንም አልነገራችሁንም ማለት ነው። ሃፕሎካርፋ ሩፔሊም አለ፣ ክሬፒስ ሩፔሊም አለ። ሁልጊዜ ሁለቱንም ስም ጻፉ።

ዝርያውን እስከ መጨረሻ መለየት ካቃታችሁ «ሃፕሎካርፋ» ብላችሁ ማቆም ነውር የለውም። ግማሽ ተገምቶ ከተጻፈ ሙሉ ስም፣ በእርግጠኝነት የተጻፈ ግማሽ ስም ይሻላል።

የአገሬውንም ስም ጠይቁ። እረኛው፣ አጠገቡ ሣር የምታጭደው እናት፣ ከብት የሚመልሱት አባት ከማንም በላይ መስኩን ያውቁታል። «አባባ፣ ይቺ ቢጫዋ ምን ትባላለች? ከብቱስ ይበላታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙ ከወረዳ ወረዳ፣ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ስለዚህ የሰማችሁትን እንደሰማችሁት፣ ከቦታውና ከቋንቋው ጋር መዝግቡ። ተክሉን ነቅላችሁ ሳይሆን በበቀለበት አሳዩአቸው።

ስለ መብላት

የዳንዴሊዮን ቅጠል በብዙ አገር ሰላጣ ውስጥ ይገባል። ይህን ይዛችሁ «ይመስላል» ብላችሁ ከጨፌው የለቀማችሁትን አትብሉ፣ ለልጅም አትስጡ። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ሴኔሲዮ የሚባሉት ቢጫ አበቦች ጉበት የሚጎዳ መርዝ አላቸው። ከብት የሚውልበት ረግረግ ውሃ ደግሞ ለብቻው በሽታ ነው።

ፎቶና ናሙና

እንደ አይናቹራሊስት ያለ አፕ ላይ ብታወጡት የሚያውቅ ሰው ያግዛችኋል፤ ግን ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ። ተክሉን ሙሉውን፣ ከጎኑ እስክሪብቶ ወይም ማስመሪያ አስቀምጣችሁ አንሱት። ከዚያ የተገለበጠውን ቅጠል፣ የተሰነጠቀውን አበባና ስብራቱን። አበባውን ከጎንም አንሱት፤ ከሥሩ ያሉት አረንጓዴ ቅርፊቶች ይታዩ። ዳንዴሊዮን ላይ የውጪዎቹ ቅርፊቶች ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ ይሄም ምልክት ነው። በመጨረሻ መስኩን ራሱን፣ ውሃው የት እንዳለ እንዲታይ። ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን መዝግቡ።

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ በፎቶ ይብቃችሁ፤ ያለ ፈቃድ ተክል መንቀል አይቻልም። ቅጠል ለመገልበጥ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ለወተት ሙከራውም የተረገጠና ራሱ የተሰበረ ቅጠል አይጠፋም።

ከፓርክ ውጭ፣ ባለመሬቱ ፈቅዶላችሁና ተክሉ በብዛት ካለ፣ አንድ ናሙና ማድረቅ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ለማነጻጸር የሚሆኑ የደረቁ ተክሎች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ሥሩን አጥባችሁ በጋዜጣ መሃል አስቀምጡትና በከባድ መጽሐፍ ተጫኑት። ስታስቀምጡት ግማሹን ቅጠል በላዩ፣ ግማሹን ተገልብጦ አስተኙት፤ ሲደርቅ አረንጓዴውም ነጩም በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። አንዱን አበባ ሰንጥቃችሁ ውስጡ ወደ ላይ ይሁን። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። የጨፌ ተክል ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ሁለት ቀን ከተረሳ ይሻግታል። በወረቀቱ ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአበባውን ቀለምና ወተት እንደሌለው ጻፉ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ወተት መኖር አለመኖሩንም ከደረቀ በኋላ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።